በጠመኔ የተጻፈው ቃል

ውድ ወጣቶች፣ ባለፈው የጌታ እራት እሑድ፣ ኅብስቱና ጽዋው ታድሎ ካበቃ በኋላ ከእናንተ አንዱ በር ላይ ያዘኝና «ጋሼ፣ ኢየሱስ አሁን ከእኛ ጋር በማዕዱ ነበረ? ወይስ እኛ ነን የምናስበው?» አለኝ። እኔም የምቸኩልበት ነበረኝና «መታሰቢያ ብቻ ነው» ብዬው ሄድኩ። ቤቴ ስገባ መልሴ ቆረቆረኝ። ይህ ልጅ የጠየቀኝ ጥያቄ ታላላቅ የእግዚአብሔር ሰዎችን ፊት ለፊት አቀማምጦ ያከራከረና በመጨረሻም ያስለቀሰ ጥያቄ ነው። እስቲ ታሪኩን አብረን እንየው፤ ዕዳዬንም በዚሁ ልክፈል። (ዘመናቱን የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዓመቱ 1529 ነው። በጀርመን አገር የተሐድሶው እንቅስቃሴ ከተጀመረ ገና 12 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ወንጌላውያኑ መሳፍንትና ከተሞች በስፔየር ጉባኤ ተቃውሟቸውን አሰምተው «ፕሮቴስታንት» የሚለው ስም ወጥቶላቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ካርል 5ኛ እንደማይተዋቸው ግልጽ ነበር። የሄሰኑ ገዥ ፊሊፕ ታዲያ፣ ካልተባበሩ አንድ በአንድ እንደሚለቀሙ ገባው። ዕድሜው ያን ጊዜ 24 ነበር፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ እኩያ ማለት ነው። ለመተባበር ደግሞ ትልቁ እንቅፋት የጌታ እራት ነበር። ስለዚህ ከዊተንበርግ ማርቲን ሉተርን፣ ከዙሪክ ኡልሪክ ዝዊንግሊን ማርቡርግ ወዳለው ግንቡ ጠራቸው። ዝዊንግሊ ከከተማው የወጣው በሌሊት በድብቅ ነው።

ሁለቱም የ45 ዓመት ሰዎች ነበሩ። ለዓመታት በጽሑፍ ሲነቃቀፉ ኖረዋል፤ ዓይን ለዓይን ግን ተያይተው አያውቁም። ፊሊፕም ብልህ ነበርና በመጀመሪያው ቀን ሁለቱን ኃይለኞች አላገናኛቸውም። ሉተርን ለዘብተኛ ከነበረው ከባዝሉ ኤኮላምፓዲዩስ ጋር፣ ዝዊንግሊን ደግሞ ከሜላንክቶን ጋር አነጋገራቸው።

ዋናው ክርክር የተከፈተው ጥቅምት 2 ቀን ማለዳ ነው። ሉተር ጠመኔ አንሥቶ በጠረጴዛው ላይ «ይህ ሥጋዬ ነው» የሚለውን የጌታ ቃል በላቲን ጻፈና በጨርቅ ሸፈነው። በኋላ ከቅዱሳት መጻሕፍት ማስረጃ አምጣ ሲሉት ጨርቁን ገልጦ አሳያቸው። ለእርሱ ክርክሩ ያለቀው እዚያ ጋ ነው። ጌታ «ነው» ካለ ነው፤ እንዴት ሊሆን እንደሚችል መጠየቅ የእኔ ሥራ አይደለም አለ።

ዝዊንግሊ በበኩሉ ጌታ በር ነኝ፣ የወይን ግንድ ነኝ ማለቱን አስታወሰ። ጌታን በር ነኝ ስላለ ሳንቃና ማጠፊያ የሚፈልግበት ሰው የለም፤ እዚህም «ነው» ማለት «ያመለክታል» ማለት ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። ደግሞም የክርስቶስ ሥጋ እንደ እኛ እውነተኛ ሥጋ ከሆነና በአብ ቀኝ ከተቀመጠ፣ በዚያው ሰዓት በየመሠዊያው ሊገኝ አይችልም። ሥጋ ምንም እንደማይጠቅም የሚናገረውን የዮሐንስ 6ን ክፍል ጠቅሶም ይህ ክፍል አንገታችሁን ይሰብራል አለ። ሉተር በሄሰን አንገት እንዲህ በቀላሉ አይሰበርም፣ ያለኸው በስዊዘርላንድ አይደለም ብሎ መለሰለት። ዝዊንግሊ አባባሉ የአገሩ ፈሊጥ እንደሆነ ማስረዳት ነበረበት። (በስብከት ላይ የአገር ቤት ፈሊጥ የምታበዙ ልብ በሉ!)

ሁለቱም ኅብስቱ ተለውጦ ሥጋ ይሆናል የሚለውን የሮም ትምህርት አልተቀበሉም። ታዲያ ለምን ይህን ያህል ተጨካከኑ? እኔ እንደሚገባኝ እያንዳንዱ የሚፈራው ነገር ነበረው። ሉተር የፈራው ለደከመው ሰው ነው። ጌታ በማዕዱ የሚገኘው እኔ አጥብቄ ሳስበው ከሆነ፣ ልቤ በተበተነበት፣ ጸሎት በጠፋኝ ቀን ምን ተቀብዬ እመለሳለሁ? ዝዊንግሊ የፈራው ደግሞ ሕዝቡ እምነቱን ከሰማዩ ጌታ ላይ አንሥቶ በእጁ በያዘው ኅብስት ላይ እንዳያሳርፍ ነው። ሁለቱም ፍርሃት ዛሬም በመካከላችን አለ። እኔ ራሴ ወደ ማዕዱ የቀረብኩት በሉተር ፍርሃት ሆኜ የነበረባቸው እሑዶች ጥቂት አይደሉም።

በዚያ ሰሞን የላብ በሽታ የሚባል ወረርሽኝ ማርቡርግ ገብቶ ስለነበር ንግግሩን በቶሎ ማብቃት ግድ ሆነ። ሉተር 15 አንቀጾች አረቀቀ። በ14ቱ ሙሉ በሙሉ ተስማሙ። በ15ኛው አንቀጽም ኅብስቱም ጽዋውም ለምእመናን ሁሉ እንዲሰጥ፣ የክርስቶስን ሥጋና ደም በመንፈስ መብላትና መጠጣትም ለእያንዳንዱ ክርስቲያን እንደሚያስፈልገው በአንድ ቃል ፈረሙ። ያልተስማሙት ሥጋውና ደሙ በኅብስቱና በወይኑ ውስጥ በአካል አሉ ወይ በሚለው ብቻ ነው። ዝዊንግሊ እንባ እየተናነቀው ወንድማማቾች እንባል አለ። ሉተር ሰላምና ፍቅርን ሰጠ፤ የወንድምነት እጁን ግን ነፈገ። ዳግመኛ አልተገናኙም። ዝዊንግሊ ከሁለት ዓመት በኋላ በካፔል ጦር ሜዳ ሞተ።

ከመሞቱ በፊት ግን በ1530 ለንጉሠ ነገሥቱ በላከው የእምነት መግለጫ የክርስቶስ እውነተኛ ሥጋ በእምነት ዕይታ በእራቱ እንደሚገኝ ጻፈ። ይህን ሳነብ ነው ያፈርኩት። «የመታሰቢያው ሰው» የምንለው ዝዊንግሊ እንኳ ማዕዱን ከጌታ ባዶ አላደረገውም። መታሰቢያነቱ ትክክል ነው፤ ጌታ ራሱ ለመታሰቢያው እንድናደርገው አዝዞናል። ከመልሴ ያወጣሁት «ብቻ» የምትለዋን ቃል ነው። ለዚያም ልጅ ይህንኑ ነግሬዋለሁ፤ ጌታ ነበረ፣ እንዴት እንደነበረ ግን አባቶቻችን አልተስማሙም አልኩት። «ታዲያ እስከ ዛሬ አልታረቁም?» አለኝ።

ካልቪን መንገድ ፈልጎ ነበር፤ መንፈስ ቅዱስ ከሰማዩ ክርስቶስ ጋር እያገናኘን በእውነት ይመግበናል ብሎ አስተማረ። በ1549 በዚህ ጉዳይ ከዙሪኩ ቡሊንገር ጋር ቢስማማም ሉተራውያኑን አላረካም። የአውሮፓ ሉተራውያንና ተሐድሷውያን ቤተ ክርስቲያናት በሎይንበርግ ስምምነት አንዱ በሌላው ማዕድ ሊቀርብ የወሰኑት በ1973 ነው።

በእኛም አገር የሉተርን ውርስ የያዘችው መካነ ኢየሱስ እና በፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን አገልግሎት የተመሠረተችው፣ በካልቪን መንገድ የመጣችው የቤቴል ቤተ ክርስቲያን በ1974 አንድ ሆነዋል። ሉተር እጁን ሰብስቦ ከማርቡርግ ከወጣ ከ445 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።