ሰማይ ላይ የቀሩት የኢትዮጵያ ንጉሥ

ግሪኮች በኢትዮጵያ ስም ካወሯቸው ተረቶች ሁሉ እስከ ዛሬ ሥራ ያልፈታው የሴፊየስ ቤተሰብ ነው። ሴፊየስ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ካሲዮፔያ ንግሥቲቱ፣ አንድሮሜዳ ልጃቸው። እናት በውበት ትመካለች፣ የባሕር አምላክ ይቆጣል፣ ልጅቷ ለአውሬ ትታሰራለች፣ ፐርሲየስ ደርሶ ያስጥላታል። የግሪኮቹ ኢትዮጵያ የዛሬዋ ናት ወይስ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር በጅምላ የሚለው ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። ቤተሰቡ ግን እንዳለ ወደ ሰማይ ወጥቶ የከዋክብት ስም ሆኗል። በኅዳር ምሽት መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የመንዝን ውርጭ ችሎ ፊቱን ወደ ሰሜን ያዞረ ሰው ሦስቱንም ያገኛቸዋል።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ጊዜ ተረቱን የማነሣው ለውበቱ ነበር። የዓለም ስፋት የተለካው በዚሁ አባትና በዚችው ልጅ መሆኑ ግን ከተረቱ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1784 ጆን ጉድሪክ የሚባል ጆሮው የማይሰማ የ20 ዓመት ወጣት በሴፊየስ ውስጥ ያለች አንዲት ኮከብ ስትደምቅ፣ ስትደበዝዝ፣ ደግሞ ስትደምቅ አየ። ዙሯን የምትጨርሰው በ5 ቀን ከ9 ሰዓት ግድም ነው። በባሕረ ሐሳባችን ስፍር ካሰላነው፣ ቀኑ 60 ኬክሮስ ነውና፣ 5 ቀን ከ22 ኬክሮስ ይሆናል። የዚህ ዓይነት ከዋክብት በንጉሡ ስም ሴፊድ ተባሉ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? በጨለማ ከመንዝ አፋፍ ቆመው በገደሉ ማዶ ወደ መርሐቤቴ ሲያዩ አንድ መብራት ብልጭ አለ እንበል። ቅርብ ያለ ኩራዝ ነው ወይስ ሩቅ ያለ ማሾ? ዓይን ብቻውን አይለየውም። የኮከብም ችግር ይኸው ነበር። መልሱን ያገኘችው በሐርቫርድ የከዋክብት መመልከቻ በሰዓት 30 ሳንቲም እየተከፈላት የፎቶግራፍ መስተዋት ስትመረምር የምትውል ሄንሪየታ ሊቪት የምትባል ሴት ናት። የሰባኪ ልጅ ናት፤ የሚገርመው እሷም ጆሮዋ ይከብዳት ነበር። ከፔሩ ተነሥተው የመጡ መስተዋቶችን እያየች፣ ትንሹ የማጂላን ደመና በሚባለው የከዋክብት መንጋ ውስጥ ካሉት 25 ሴፊዶች ደማቆቹ ዙራቸውን ቀስ ብለው፣ ደብዛዞቹ ፈጠን ብለው እንደሚጨርሱ እ.ኤ.አ. በ1912 አሳየች። ሁሉም የአንድ መንደር መብራቶች ናቸው፤ ከኛ ያላቸው ርቀት አንድ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ የብርሃናቸው ልዩነት የራሳቸው ነው እንጂ የርቀት አይደለም። እንግዲህ የኮከቧን ዙር የቆጠረ ሰው ኩራዝ ትሁን ማሾ ያውቃል። የቀረው ሒሳብ ነው፤ መብራት ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። የቅርቦቹ ሴፊዶች ርቀት በሌላ መንገድ ሲታወቅ መለኪያው ተሟላ።

ኤድዊን ሃብል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1923 በካሊፎርኒያው ማውንት ዊልሰን ሆኖ በአንድሮሜዳ ጭጋግ ውስጥ አንዲት ሴፊድ አገኘ። ርቀቷን ሲያሰላ ወደ 900 ሺህ የብርሃን ዓመት መጣለት። ጭጋጉ የኛ ፍኖተ ሐሊብ ጓዳ ሳይሆን ራሱን የቻለ ጋላክሲ ሆኖ ተገኘ። ሊቪት ግን እ.ኤ.አ. በ1921 ሞታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ ዋልተር ባዴ ሴፊዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አሳይቶ ርቀቱ እጥፍ ሆነ። ዛሬ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ይባላል።

የኛ ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ቁጥር ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,500 ዓመት፣ ከዚያ ወዲህ ሁለት ሺህ ከምናምን፤ ዓመተ ዓለም ብለን በየዓመቱ የምናውጀው 7,500 ከጥቂት ነው። ንጉሡ አያስቸግርም፤ የጉድሪክ ኮከብ ከ900 የብርሃን ዓመት ብዙም አትርቅም፣ ዘመን ቆጠራችን ይችላታል። ያስቸገረችው ልጅቷ ናት።

መንዝ ውስጥ አንድ የቅኔ መምህር ዘንድ ይህንኑ አንሥቼ ነበር። «የደረሰበት የለ፣ በገመድ የለካው የለ!» አሉ መጀመሪያ። የባዴን ነገር ስነግራቸው «አየህ፣ እጥፍ ሳቱ» ብለው ሳቁ። ስሕተቱ ግን ወደ 7,500 የሚያቀርብ ሳይሆን ይበልጥ የሚያርቅ ነበር። ቀጥለው ያመጡት ቀላል አልነበረም። «አዳም የተፈጠረው የ30 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ነው። ብርሃኑስ መንገድ ላይ ሳለ ቢፈጠር ማን ይከለክላል?»

እንግሊዛዊው ፊሊፕ ጎስ ስለ ምድር ዕድሜ ይህን መሰል ክርክር እ.ኤ.አ. በ1857 መጽሐፍ አድርጎ ጽፎበታል። የኔታ የአገራቸውን ትውፊት ይዘው ብቻ ደርሰውበታል። እኔም እንዲህ አልኳቸው፦ «የኔታ፣ አዳም የጎልማሳ አካል ይኑረው። ግን ጉልበቱ ላይ በልጅነቱ የወደቀበት ጠባሳ ነበረው?» እ.ኤ.አ. በየካቲት 1987 በትልቁ የማጂላን ደመና አንዲት ኮከብ ስትፈነዳ ታየች፤ ርቀቷ 160 ሺህ የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ብርሃኑ መንገድ ላይ የተፈጠረ ከሆነ ያች ኮከብ ኖራም ፈንድታም አታውቅም። ያልነበረ ቅዱስ ገድል እንደመጻፍ ነው። ፈጣሪን እንዲህ ያለ ጸሐፊ ከማድረግ ቁጥሩን ደግሞ መመርመር ለእምነትም የሚሻል ይመስለኛል።

ከሰማይ የመጣን ብርሃን በችኮላ መተርጎም ምን እንደሚያመጣ ሰሜን ሸዋ ታውቃለች። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስን ካስወገሩ በኋላ በሰማይ ብርሃን ታየ፤ ንጉሡ ሥራዬን ፈጣሪ ወደደው ብለው ቤተ ክርስቲያን ተከሉ፣ ደብረ ብርሃንም ከዚያ ስሟን አገኘች። እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌ ኮከብ ነው የሚሉ አሉ። የሃሌ ኮከብ ከሆነ በ76 ዓመት ግድም ተመላላሽ ነው፤ ሰው ቢወገርም ባይወገርም መምጣቱ አይቀርም ነበር።

የኔታን ያስጨነቃቸው ግን ኮከቡ አልነበረም። 5,500 ለሳቸው የዕድሜ ቁጥር ሳይሆን የኪዳን ቁጥር ነው፤ አምስት ቀን ተኩል ሲፈጸም መጥቼ አድንሃለሁ ተብሎ ለአዳም የተሰጠ ተስፋ። ቁጥሩ ከተናደ ተስፋውም የሚናድ መስሏቸዋል። እኔ ደግሞ ኪዳኑ የሚቆጥረው የሰውን ጥበቃ እንጂ የሰማዩን ዕድሜ ነው አልልም። አንድም እያለ አራት አምስት ፍቺ ለሚያወርድ የትርጓሜ ቤት ይህ ከባድ አይመስለኝም። «ስሙ ዓመተ ዓለም ነው እንጂ ዓመተ አዳም ነው እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ስሙ እንደዚያ ነው።

አልተስማማንም። ስነሣ ግን ደጅ ድረስ ሸኝተውኝ፣ ሰማዩን ቀና ብለው እያዩ፣ ያችኛዋ የንጉሡ ኮከብ የትኛዋ እንደሆነች ጠየቁኝ። አሳየኋቸው። «22 ኬክሮስ ነው ያልከው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «እቆጥራታለሁ» ብለው ገቡ።