ቦምብ ያላስቀረውን ማዕረግ አስቀረው

የሃንጋሪያዊው ተኳሽ የካሮይ ታካች ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከቦምቡ ነው። ቀኝ እጁን ቦምብ ጎዳው፤ በግራው ተለማመደ፤ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። እውነት ነው፤ ስለ ጽናት ለመስበክም ይመቻል። ግን ከቦምቡ በፊት የሆነ፣ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ።

ታካች በ1910 ቡዳፔስት ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወታደር ሆነ፤ በሽጉጥ ኢላማ ተኩስም ስሙ ተጠራ። የ1936ቱ የበርሊን ኦሊምፒክ ሲደርስ ዕድሜውም ብቃቱም ለውድድር የደረሰ ነበር። ሆኖም አልሄደም። ምክንያቱ ሃምሳ አለቃ መሆኑ ነው። በወቅቱ የሃንጋሪ ጦር ለኦሊምፒክ የሚያሰልፈው መኮንኖችን ብቻ ነበር። ኢላማው የተኳሹን ማዕረግ አይጠይቅም፤ ጦሩ ግን ጠየቀ።

ክልከላው ከበርሊን በኋላ ተነሳ። ታካች ግን ብዙም ሳይቆይ፣ በ1938፣ በወታደራዊ ልምምድ ላይ ሳለ የእጅ ቦምብ ቀኝ እጁ ላይ ፈነዳበት። አንድ ወር ሆስፒታል ተኛ። ሲወጣ ለሰው ሳይናገር በግራ እጁ መለማመድ ጀመረ።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በኢላማ ውድድር ሽጉጥ የሚያዘው በአንድ እጅ፣ ክንድ ተዘርግቶ፣ ያለ ምንም ድጋፍ ነው። እጅ ሲቀየር አቋቋሙ፣ አስተያየቱ፣ ምላጭ የሚስበው ጣት፣ ሁሉም እንደገና ይማራል። ታካች በ1939 የአገሩ ሻምፒዮን ሆነ፤ በዚያው ዓመትም የዓለም ሻምፒዮን በሆነው የሃንጋሪ ቡድን ውስጥ ነበር።

ከዚያ ጦርነት መጣ። የ1940 እና የ1944 ኦሊምፒኮች ተሰረዙ። ለንደን ላይ ሲሰለፍ 1948 ሆኗል፤ ዕድሜው 38 ነው። የተወዳደረበት የፈጣን ተኩስ ዘርፍ በ25 ሜትር ርቀት ጎን ለጎን በቆሙ አምስት ኢላማዎች ላይ አንዳንድ ጥይት መተኮስን ይጠይቃል፤ መጀመሪያ በ8፣ ቀጥሎ በ6፣ በመጨረሻ በ4 ሰከንድ። አርጀንቲናዊው የዓለም ሻምፒዮን ካርሎስ ዲያስ ሳይንስ ቫሊየንቴ ለምን እንደመጣ ሲጠይቀው፣ ልማር ብዬ ነው ብሎ እንደመለሰለት ይነገራል። ከ600 ነጥብ 580 አስመዝግቦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። አርጀንቲናዊው በ571 ሁለተኛ ሆነ። ታካች በ1952 ሄልሲንኪ ላይም የአገሩን ልጅ ሲላርድ ኩንን በአንድ ነጥብ በልጦ ወርቁን ደገመ።

ጽናቱ ሊወደስ ይገባል። ነገር ግን ውዳሴው ብቻውን ሲነገር በሩን የዘጉትን ሰዎች ከተጠያቂነት ያወጣል። ቦምቡ አደጋ ነው፤ ማንም አስቦ አላደረገውም። ደንቡን ግን ሰዎች አስበው አወጡት፤ ሰዎች አስፈጸሙት። ሲያነሱትም የበርሊን ዕድል አልፎ ነበር፤ ቀጣዩ ኦሊምፒክ እስኪመጣ 12 ዓመት ወሰደ።

ታካች ዕድሜ አግኝቶ ለንደን ደረሰ፤ ስሙም ተመዘገበ። በዚያ ደንብ የተነሳ ሳይሞከሩ የቀሩ ሌሎች ባለሌላ ማዕረግተኞች ከነበሩ ግን ታሪክ አያውቃቸውም። ሰውን በችሎታው ሳይሆን በማዕረጉ የሚመርጥ ተቋም ኪሳራው የማይታየው ለዚህ ነው። ያስቀራቸው ሰዎች ስም መዝገብ ላይ አይገኝም።