ከወናፍ እስከ ኤሌክትሮድ፡- የብረት ሥራ ታሪክ ለወርክሾፓችን ምን ያስተምራል?

እንደሚታወቀው ገበሬ ያለ ብረት አያርስም። ማረሻው፣ ወገሉ፣ ማጭዱና ዶማው ሁሉ በቀጥቃጭ እጅ ያለፈ ነው። ዛሬ ደግሞ ወፍጮ፣ ጋሪ፣ የውሃ ፓምፕና ትራክተር ተጨምረዋል። ከእነዚህ አንዱ በእርሻ ወቅት ተሰብሮ ከተማ እስኪደርስና ተጠግኖ እስኪመለስ ዝናቡ አይጠብቅም። ስለዚህ ዩኒየን የራሱን ወርክሾፕ ሲያስብ «የትኛውን መቁረጫና መበየጃ እንግዛ?» የሚለው ጥያቄ የአባላት ገንዘብና የአዝመራ ጉዳይ ነው። መልሱን ለማግኘት መሣሪያዎቹ ለምን እንደተፈጠሩ ማየት ይጠቅማል።

የመጀመሪያዎቹ በያጆች

ጥንታዊው ብየዳ የወናፍ ብየዳ ነው። ባለ እጁ ሁለት ብረቶችን በከሰል እሳት አግሎ በመስፍ ላይ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ያጋጥማቸዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የብረት ሥራ መንደር አቋቁመው 7 ቶን ገደማ ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖል መድፍ አሠርተዋል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲጓዙም ይዘውት ሄደዋል። ሆኖም ማረሻ የሚሠራልን አገሬው ባለ እጅ «ቡዳ» እየተባለ ይናቅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም ንቀቱ ወዲያው አልጠፋም። በዚህም የተጎዳው ቀጥቃጩ ብቻ ሳይሆን እርሻችንም ጭምር ነው።

ጋዝና ኤሌክትሪክ

በአውሮፓና በአሜሪካ ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን አደጉ። እ.ኤ.አ. በ1892 ካናዳዊው ቶማስ ዊልሰን ካልሲየም ካርባይድን በኤሌክትሪክ ምድጃ በብዛት የሚያመርትበትን ዘዴ አገኘ። ካርባይድ ውሃ ሲነካው አሴቲሊን ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ ከኦክሲጅን ጋር ሲነድ ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ይሰጣል። በሌላ በኩል ሩሲያዊው ኒኮላይ ቤናርዶስ በ1880ዎቹ በኤሌክትሪክ ብልጭታ መበየድን አስተዋወቀ። ነገር ግን ባዶው ሽቦ አየር እየገባበት ብየዳው ይሰባበር ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስዊድናዊው ኦስካር ሼልበርግ ኤሌክትሮዱን በሽፋን በመልበጥ ችግሩን አቃለለ። ፕላዝማ መቁረጫ የመጣው በ1950ዎቹ ነው።

ወደ እኛ አገር ጋራዦች ሙያው ሲገባ ሞርሳ፣ ሴጌቶ፣ ፒንሳና ላሜራ የሚሉ የጣሊያንኛ ስሞችም አብረው ገብተው ቀርተዋል።

ታዲያ ምን እንምረጥ?

ከታሪኩ የምንማረው አዲሱ መሣሪያ አሮጌውን እንዳላስቀረው ነው። ሁሉም የየራሱ ሥራ አለው።

የኤሌክትሪክ ብየዳ ለጋሪ፣ ለበርና ለማሽን እግር ተመራጭ ነው። ኢንቨርተሩ ቀላልና ኃይል ቆጣቢ ሲሆን ከአቧራ መጠበቅ አለበት። ትራንስፎርመሩ ከባድ ቢሆንም ጠንካራና ለጥገና ቀላል ነው። ኤሌክትሮድ እርጥበት ከነካው ብየዳው ይበላሻል።

ጋዝ መብራት በሌለበት ይሠራል፤ ወፍራም ብረትም ይቆርጣል። የሚቆርጠው ብረቱን አግሎ በኦክሲጅን በማቃጠል ስለሆነ ለአልሙኒየምና ለማይዝግ ብረት አይሆንም። ለእነዚህ ፕላዝማ ይሻላል፤ እሱ ግን ኤሌክትሪክና የታመቀ አየር ይፈልጋል። የጋዝ ሲሊንደር ቆሞ መታሰር አለበት፤ የኦክሲጅን ዕቃ ዘይትና ግራሶ ሊነካው አይገባም።

ግራይንደርና ሴጌቶ ለዕለት ተዕለት ሥራ ይበቃሉ። ወናፉም አይጣል! የማረሻን ጫፍ አግሎ የሚያሾልና ውሃ የሚያጠጣ ቀጥቃጩ ነው።

ስለሆነም አስቀድመን የአንድ ዓመት የብልሽት ዓይነት እንመዝግብ፤ የመብራቱን አቅም እንለካ፤ የመለዋወጫና የጋዝ መሙያ ርቀት እንጠይቅ። ከዚያ በኋላ እንግዛ። ከመሣሪያው ዋጋም ለመነጽር፣ ለጓንትና ለሥልጠና እንቀንስ። ለሥልጠናው ቅድሚያ የምንሰጠው ትናንት ለናቅናቸው የባለ እጅ ልጆች ቢሆን ደግሞ የቆየ ዕዳችንን እንከፍላለን፤ ወርክሾፓችንም ብረትን የሚያውቅ እጅ ያገኛል።

መልካም የምሥረታ በዓል!