የአስቄጥሱ ጃንደረባ

በግብፅ በረሃ፣ ዛሬ ዋዲ ናትሩን በሚባለውና የጥንት መነኮሳት አስቄጥስ ይሉት በነበረው ሸለቆ፣ በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ መነኩሴ ከማኅበሩ 18 ማይል ያህል ርቆ በዋሻ ይኖር ነበር። ስሙ አናስጣስዮስ ሲሆን ጃንደረባ እንደሆነ ይታመን ነበር። በሳምንት አንድ ቀን የአባ ዳንኤል ደቀ መዝሙር አንድ እንስራ ውሃ ከደጃፉ አስቀምጦ፣ ቃል ሳይተነፍስ ይመለሳል። እንዲህ ሆኖ 28 ዓመት አለፈ።

ጃንደረባ የተባለው ሰው የቁስጥንጥንያ ባላባት፣ አናስጣስያ የምትባል ሴት ነበረች። ገድሉ እንደሚለው ንጉሥ ዮስጥንያኖስ ስለ ተመኛትና ንግሥት ቴዎዶራም ስለ ቀናችባት ወደ እስክንድርያ ሸሽታ፣ ከከተማው ውጭ ገዳም መሥርታ ተቀመጠች። ንግሥቲቱ በ548 እ.ኤ.አ. ስትሞት ንጉሡ ያስፈልጋት ጀመር። ያን ጊዜ ወደ አስቄጥስ መጥታ ምሥጢሯን ለአባ ዳንኤል ገለጸች፤ እርሱም የወንድ መነኩሴ ልብስ አልብሶ ዋሻውን ሰጣት።

የስደቱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ልብሱም ለመንገድ የሚያገለግል መደበቂያ ነበር ቢባል ያስኬዳል። ከዋሻው ከገባች በኋላ ግን የሚያያት ሰው የለም። ዮስጥንያኖስ ራሱ በ565 ሞቷል፤ 28ቱ ዓመት ከ548 ጀምሮ ቢቆጠር ደግሞ 576 ላይ ያደርሳል። አሳዳጇ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ያህል በዚያው ልብስ፣ በዚያው ስም ኖራለች ማለት ነው። በተዘጋ በር ውስጥ፣ ለብቻ፣ ልብሱ የሚለበሰው ለማን ነበር?

የዘመኑ ሕግ ለዚህ ጥያቄ ቦታ አልነበረውም። ኦሪት ዘዳግም 22፥5 ሴት የወንድ፣ ወንድም የሴት ልብስ እንዳይለብሱ ይከለክላል። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሰበሰበው የጋንግራ ጉባኤ፣ ለምናኔ ብላ እንኳ የወንድ ልብስ የምትለብስ ሴት የተወገዘች ትሁን ብሏል። በ390 ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ያወጣው ሕግም ጠጉራቸውን የሚቆረጡ ሴቶች ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንዳይቀርቡ ያዝዛል። ይህ ሁሉ እያለ ነው እንግዲህ እንደ አናስጣስያ ያሉ ሴቶች ታሪክ እየተጻፈ፣ እየተተረጎመ፣ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነበብ የኖረው። ሕጉ የፈራው በአደባባይ የምትታየዋን ይመስላል፤ በበዓቷ የተሸሸገችውን ግን ጸሐፊዎቹ ቅድስት ብለው ጠርተዋታል።

የኢትዮጵያ አንባቢ እነዚህን ሴቶች ከስንክሳር ያውቃቸዋል። የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ኢላርያ በጥር 21 ትታሰባለች፤ ጢም ባለማብቀሏ ወንድሞች ጃንደረባ ነው ብለው አልፈዋታል። በነሐሴ 15 የምትታሰበው እንባ መሪና ከአባቷ ጋር ወንድ መስላ ገዳም ገብታ፣ ኋላ አንዲት ልጃገረድ አስረግዘሃል ተብላ ስትከሰስ እውነቱን ከመናገር ይልቅ ቅጣቱን ተቀብላ ሕፃኑን አሳደገች። አንድ ቃል ብትናገር ነጻ በወጣች ነበር። እዚህ ላይ ልብሱ ከመሸሸጊያነት አልፏል፤ መሸሸጊያ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዋጋ አይከፈልበትም።

ወንድ ቅዱስ የሴት ልብስ የለበሰበት ታሪክ ግን ብርቅ ነው። ወታደሩ ዲዲሞስ ቴዎዶራ የተባለችውን ድንግል ለማስመለጥ ልብሷን ለብሶ በእግሯ ተተክቷል፤ የለበሰው ግን እርሷ እስክታመልጥ ብቻ ነው። ለዘመኑ ሰዎች ሴት የወንድ ልብስ ስትለብስ ወደ ላይ መውጣት፣ ወንድ የሴት ሲለብስ ግን መውረድ ነበር። ስለዚህ በበዓቱ ብቻውን እንዲህ የለበሰ ወንድ ኖሮ ቢሆን እንኳ ገድል የሚጽፍለት ባልተገኘ።

ፈረንሳዊቷ የታሪክ ምሁር ኤቭሊን ፓትላዣን በ1976 ባሳተመችው ጥናት እነዚህን ገድላት በአንድነት መርምራለች። የኢላርያ ታሪክ ከእውነተኛ ክስተት ይልቅ ልብ ወለድ እንደሚመስል የሚያምኑ ብዙ ናቸው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ በገድላቱ ውስጥ ጾታን የተሻገረ ሕይወት የሚያነቡ ተመራማሪዎች ተነሥተዋል። ለጥንቱ ሰው የዛሬን ስም መስጠት አስቸጋሪ ነው። ሆኖም ተርጓሚ የሆነ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም፦ በግሪክኛው ታሪክ አናስጣስዮስ እስኪቀበር ድረስ «እርሱ» ነው፤ «እርሷ» የሚመጣው ከቀብር በኋላ ነው። ግሱ ራሱ ወንድና ሴት በሚለይበት በአማርኛ ይህን ለመጠበቅ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር መወሰን ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ደቀ መዝሙሩ ከደጃፉ የተጻፈበት ገል አገኘ። መሣሪያ ይዛችሁ ኑ ይላል። አባ ዳንኤል አንብቦ አለቀሰ። ከዋሻው ሲደርሱ መነኩሴው በሞት አፋፍ ላይ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ የለበስኩትን አታውልቁብኝ፣ እንዳለሁ ቅበሩኝ፣ ማንም አይወቅ አለ። አባ ዳንኤል በነበረው ልብስ ላይ ሌላ እንዲደረብ አዘዘ። ደቀ መዝሙሩ ሲያለብስ የደረቀ ቅጠል የመሰሉ ጡቶች አየ። አፈሩን መልሰው መንገድ እስኪጀምሩ ድረስ ምንም አልተናገረም።