አንድ ዕቃ ለመሥራት ስንት ብር ይፈጃል? የቀላል ጥያቄ ረጅም ታሪክ

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች አካውንቲንግ የሚያጠኑ ተማሪዎች "ኮስት ኤንድ ማኔጅመንት አካውንቲንግ" የሚባለውን ትምህርት በሁለት ክፍል ይወስዱታል። ሁለተኛው ክፍል ላይ ሲደርሱ በጀቱ፣ ስታንዳርድ ኮስቱ፣ ቫሪያንሱ፣ የኦቨርሄድ ክፍፍሉ ይደራረብባቸዋል። ብዙዎች ፎርሙላውን ሸምድደው ፈተናውን ያልፉና ይረሱታል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ፎርሙላ ጀርባ አንድ የተጨነቀ ሰው አለ። ደግሞም ከነዚህ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የሒሳብ ባለሙያዎች አልነበሩም። ኢንጂነሮችና የፋብሪካ ባለቤቶች ነበሩ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሸክላ ሠሪው ጭንቀት

ጆሳያ ዌጅውድ በእንግሊዝ አገር ኢትሩሪያ የተባለ ዝነኛ የሸክላ ፋብሪካ ነበረው። የቻርልስ ዳርዊን የእናቱ አባት ነው። በ1772 ብሪታንያ ውስጥ ባንኮች ወደቁ፣ ብድር ጠፋ፣ ገበያው ቀዘቀዘ። የዌጅውድ ውድ የአበባ ማስቀመጫዎች መጋዘን ውስጥ ተከመሩ። ሰውየው ግን ዝም ብሎ ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ ቁጭ ብሎ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ "ለመሆኑ አንዷን ዕቃ ለመሥራት ስንት አወጣለሁ?"

መልሱን ሲፈልግ መጀመሪያ ያገኘው በገዛ ቢሮው ውስጥ የነበረ ማጭበርበር ነው። ከዚያ የበለጠ ነገርም አገኘ። የጭቃውና የቀለሙ ወጪ ዕቃው በበዛ ቁጥር ይጨምራል። የቤት ኪራዩ፣ የቅርጽ ማውጫው፣ የጸሐፊዎቹ ደመወዝ ግን ጥቂት ቢመረትም ብዙ ቢመረትም ያው ነው፣ እንደ ሰዓት ሳያቋርጥ ይቆጥራል። ዛሬ ተማሪው "ተለዋዋጭ ወጪ" እና "ቋሚ ወጪ" ብሎ የሚማረው ይሄንኑ ነው። ዌጅውድ ከዚህ ተነስቶ ብዙ ማምረት፣ ለመካከለኛው የኅብረተሰብ ክፍል በሚሆን ዋጋም መሸጥ እንደሚያዋጣ ተረዳ።

ከመቶ ዓመት በኋላ ጥያቄው ወደ አሜሪካ ባቡር ሐዲድ ተሻገረ። ኢንጂነሪንግ ያጠና ሰው አልበርት ፊንክን የሚያውቀው በስሙ በሚጠራው የድልድይ ትራስ ነው። ያው ፊንክ በ1870ዎቹ አንድ ቶን ጭነት አንድ ማይል ለመውሰድ የሚፈጀውን ወጪ በየዓይነቱ ከፋፍሎ አሰላ። የትኛው ወጪ ከጭነቱ ጋር እንደሚጨምር፣ የትኛው እንደማይጨምር ለየ።

ዘበኛው የማን ነው?

አስቸጋሪው ነገር ግን የጋራ ወጪው ነው። የዘበኛው ደመወዝ፣ የመብራቱ፣ የጥገናው ወጪ የየትኛው ዕቃ ነው? ይሄንን ነው ኦቨርሄድ የምንለው። የድሮ ፋብሪካዎች ቀላል ዘዴ ነበራቸው፦ ለየዕቃው በጠፋው የሠራተኛ ሰዓት ወይም ደመወዝ ልክ ማከፋፈል። ሥራው በአብዛኛው በእጅ በሚሠራበት ዘመን ይሄ ብዙም አያጣላም። ማሽን እየበዛ ሲሄድ ግን ነገሩ ተበላሸ።

እንግሊዛዊው ኢንጂነር አሌክሳንደር ሃሚልተን ቸርች በ1901 "ኢንጂነሪንግ ማጋዚን" ላይ በተከታታይ ጽሑፎች ይሄንን አሠራር ተቃወመ። እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ቦታ፣ የራሱ ኃይል፣ የራሱ ጥገና አለው፤ ስለዚህ ወጪውን መጀመሪያ ወደ ማሽኑ፣ ከዚያ ማሽኑን ወደተጠቀመው ዕቃ ውሰዱት አለ።

እስቲ እኛም እናስላው። አንድ የጫማ ማምረቻ በወር 800 ጥንድ መደበኛ ጫማ እና 200 ጥንድ በትእዛዝ የሚሠራ ቡት ያመርታል እንበል። የሁሉም ጥንድ የሥራ ሰዓት እኩል ነው። የጋራ ወጪው 100,000 ብር ነው። የቆዳውና የሠራተኛው ወጪ ለመደበኛው 700፣ ለቡቱ 1,000 ብር ነው። መሸጫቸው 780 እና 1,200 ብር ነው።

በሥራ ሰዓት ካካፈልን ለእያንዳንዱ ጥንድ 100 ብር ይደርሰዋል። መደበኛው 800 ብር ፈጅቶ በ780 ይሸጣል፤ 20 ብር ይከስራል። ቡቱ 100 ብር ያተርፋል። ባለቤቱ "መደበኛውን እንዝጋው" ቢል አይፈረድበትም።

አሁን ወደ ማምረቻው እንግባ። ለካ የጋራ ወጪው የሚመጣው ፎርማ ለመቀየርና ማሽን ለማስተካከል ነው። በወር 50 ጊዜ ይቀየራል፤ 10 ለመደበኛው፣ 40 ለቡቱ። አንዱ ቅያሪ 2,000 ብር ነው ማለት ነው። መደበኛው 20,000 ብር ለ800 ጥንድ ሲካፈል 25 ብር ይደርሰዋል። ቡቱ ግን 80,000 ለ200፣ ማለትም 400 ብር። መደበኛው በጥንድ 55 ብር አትራፊ ሆነ፤ ቡቱ 200 ብር ከሳሪ!

የወሩ ጠቅላላ ትርፍ በሁለቱም ስሌት ያው 4,000 ብር ነው። ውሳኔው ግን ተገላቢጦሽ ነው። ባለቤቱ በመጀመሪያው ስሌት ተመርቶ መደበኛውን ቢዘጋ፣ የቅያሪውን 20,000 ብር እንኳ ቢያድን፣ በሚቀጥለው ወር 40,000 ብር ይከስራል። መደበኛውን ጫማ ሲሰፉ የነበሩት ሠራተኞች ደግሞ ያለጥፋታቸው ከሥራ ይወጣሉ። ደማሪው አልተሳሳተም፣ ያጭበረበረም የለም። የተሳሳተው ማካፈያው ነው።

ትምህርቱ ክፍል ሲገባ

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዱፖንት ውስጥ ይሠራ የነበረው የኤሌክትሪክ ኢንጂነር ዶናልድሰን ብራውን ትርፍን ከተፈሰሰው ገንዘብ ጋር የሚያያይዘውን ቀመር አደራጀ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እነዚህ ሁሉ ዘዴዎች ተሰብስበው የዩኒቨርሲቲ ኮርስ ሆኑ። በ1962 የወጣው የቻርልስ ሆርንግረን መጽሐፍ በብዙ አገር ተማሪዎች ያደጉበት ነው። ኢኮኖሚስቱ ጆን ሞሪስ ክላርክ በ1923 ያስተማረውን ሐሳብም ትምህርቱ ወረሰ፦ ለተለያየ ጥያቄ የተለያየ ወጪ አለ።

ፋብሪካዎቹ ግን የቸርችን ምክር በአብዛኛው ትተውት ቆዩ። በ1987 ቶማስ ጆንሰን እና ሮበርት ካፕላን ምክንያቱን በመጽሐፍ አስረዱ። እንደነሱ አባባል ኩባንያዎች ለኦዲተርና ለባለ አክሲዮን በሚቀርብ ሪፖርት ተጠመዱ። ሪፖርቱ ደግሞ ጠቅላላውን እንጂ የእያንዳንዱን ዕቃ እውነተኛ ወጪ አይጠይቅም። ካፕላን ራሱ መጀመሪያ የተማረው የኤሌክትሪክ ምህንድስና ነው።

ጉዳቱ በገሃድ ታየ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ለትራክተር ዕቃ የሚያመርተው የጆን ዲር ፋብሪካ የዋጋ ውድድር ገባ። በብዛት የሚመረቱትን፣ ማለትም ጎበዝ የሆነባቸውን ዕቃዎች ተሸነፈ። ያሸነፈው በጥቂቱ የሚሠሩትን፣ አድካሚዎቹን ነው። ልክ እንደ ጫማ ማምረቻችን! መፍትሔ ሆኖ ወጪን በየሥራ ክንዋኔው የሚከታተል ስሌት ዘረጉ። ዛሬ ተማሪዎች "አክቲቪቲ ቤዝድ ኮስቲንግ" ብለው የሚያጠኑት ዘዴ ከታወቀባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ፋብሪካ ነው።

ይህም ዘዴ ቢሆን ዋጋ ያስከፍላል። ቅያሪውን የሚቆጥር፣ የሚመዘግብ ሰው ይፈልጋል። አንድ ዓይነት ዕቃ ብቻ ለሚያመርት ትንሽ ዳቦ ቤት ምናልባት ድካም ብቻ ነው። የዕቃው ዓይነት በበዛ ቁጥር ግን ጥቅሙ ይጎላል።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ሰው "ይሄ ዕቃ ይህን ያህል ይፈጃል" ቢላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት፦ የጋራ ወጪው በምን ተካፈለ? ቁጥሩስ የትኛውን ውሳኔ ለመወሰን ነው የተሰላው? ዌጅውድ ያለ ካልኩሌተር የጀመረው ይሄንኑ ነው። እናንተም አጠገባችሁ ካለው ሱቅ ወይም ጋራዥ መጀመር ትችላላችሁ።