የዝሆኔ ደዌና የጣርማ በር ከፍታ

ዝሆኔ የተባለው እግርን የሚያሳብጥ ደዌ በብዙ አገር የእርግማን ውጤት ነው እየተባለ፥ ታማሚው ከጋብቻና ከማኅበር ሲገለል ኖሯል። ደዌው በማን ላይ እንደ ወደቀ ሳይሆን በየትኛው ምድር እንደሚበዛ የጠየቁት ሊቃውንት ግን ሌላ መልስ አገኙ። ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1970ዎቹ የታማሚዎቹን ስርጭት ከአፈሩና ከዝናሙ ጋር አስተያይተው፥ ደዌው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በወጣ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሄደውን ገበሬ እንደሚያጠቃ አስረዱ፤ ትንኝ ከምታስተላልፈውም ዝሆኔ ለዩት። በ2013 በ659 ወረዳዎች 129,959 ሰዎች ሲመረመሩ ከመቶው 4 ያህሉ ታመው ተገኙ። ከዚሁ የተነሣው ካርታ ለደዌው የሚመቸው ከፍታ ከ1,000 እስከ 2,800 ሜትር መሆኑን ያመለክታል።

በዚህ ልክ ሲመዘን፥ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለው ጣርማ በር ከወሰኑ ውጭ ይቀራል፤ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገደኛ ግን ብዙ ሳይርቅ ወደ ወሰኑ ይገባል። ስለዚህ በአውራጃ ስም የሚሰጥ አማካይ ቍጥር ደጋውንና ተዳፋቱን አቀላቅሎ እውነቱን ይሸፍናል። ካርታውም ቢሆን ግምት እንጂ ቈጠራ አይደለም፤ ነገር ግን ጫማና የእግር መታጠቢያ ውኃ አስቀድሞ ለማን ሊደርስ እንደሚገባ ያመለክታል፤ ከታማሚውም ላይ የእርግማንን ስም ያነሣል።