ዋና በአዋሽ ሸለቆ
ከወንጂ ቦይ እስከ ኦሎምፒክ ገንዳ

የትምህርት ቤታችን የልደት በዓል መታሰቢያ መጽሐፍ ሊወጣ በታሰበ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ክፍል ስለ አካባቢያችን ታሪክ አንድ ነገር እንዲጽፍ ታዘዘ። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ ስለ ባቡሩ፣ አንዳንዶቹም ከተማችን አዳማ ናዝሬት ተብላ ኖራ እንደ ገና አዳማ ስለ መባሏ መረጡ። እኛ ስለ ዋና ለመጻፍ ተስማማን። «ዋና ደግሞ ምን ታሪክ አለው?» ብለው የሳቁብን መኖራቸውን አንደብቅም።

ለዚህ ያነሣሣን ነገር ይህ ነው። የስፖርት መምህራችን አንድ ቀን «መዋኘት የምትችሉ እጃችሁን አውጡ» ቢሉን፣ ከመላው ክፍል እጃቸውን ያወጡት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ፤ ከነሱም ሴት አንዲት ብቻ ነበረች። ይህ የሚያስገርም ነው፤ ምክንያቱም የምንኖረው በውሃ ተከበን ነው። ወዲህ የቆቃ ሐይቅ፣ ወዲያ የወንጂ ቦዮች፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሶደሬ፤ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ፤ ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱም የቢሾፍቱ ሐይቆች አሉ። አዋሽም ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ እስኪቀር ድረስ፣ በደጃችን ያልፋል።

ወላጆቻችንን ብንጠይቅ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ይሉናል። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አዋሽ አዞና ጉማሬ አለበት፤ በክረምትም ድንገት ይሞላል። በዝዋይ ደሴቶች የሚኖሩት የዛይ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ታንኳ እየቀዘፉ ዓሣ በማጥመድ ሲኖሩ፣ በዳር ያለው አብዛኛው ሰው ግን ውሃን የሚያውቀው ከብት ሲያጠጣና ልብስ ሲያጥብ ነበር።

ያቺ እጇን ያወጣች ጓደኛችን ዋና የተማረችው በሕፃንነቷ በወንጂ ቦይ ከወንድሟ ጋር ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ የኦሎምፒክ መዝገብ በዚያ ስለሚጻፍ ነው።) የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1954 ነው። ለሸንኮራው ሲባል ከአዋሽ በብዙ ቦይ ውሃ ተጠለፈ። ቦዩ አዞ የለበትም፤ ጥልቀቱም ትንሽ ነው፤ ለልጆች ከዚህ የሚሻል መዋኛ ከየት ይገኛል? ዳሩ ግን በዚያ በዝግታ በሚሄድ ውሃ ቀንድ አውጣ ተራባ፤ ከርሷም ጋር ቢልሃርዝያ መጣ። ከቀንድ አውጣዋ የወጣው ትል በዓይን የማይታይ ነው፤ ውሃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። የታመመው ሰው በበኩሉ በውሃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉን ዕንቁላል ወደ ውሃው ይመልሳል። ጓደኛችንም ዋናውን ከበሽታው ጋር አንድ ላይ ተማረች፤ ሐኪም በሰጣት ኪኒን ዳነች።

እዚህ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ሊቅ ሳናነሣ ማለፍ አይገባንም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዓድዋ የቢልሃርዝያን ነገር ሲመረምሩ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተመለከቱ። ከዚያ ተነሥተው የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ፤ በ1989ም ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። እናቶቻችን ዘወትር የሚያሹት እንዶድ ይህን ያህል ጉልበት እንዳለው ማን ያውቅ ነበር!

እንግዲህ በሸለቋችን ዋና የገባው ሰው ውሃውን ሳይፈራ ሊገባበት በሚችልበት ቦታ ሁሉ ነው። ላንጋኖ ውሃው ቡናማ ቢሆንም ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው እየተባለ ስለሚነገርለት መዋኛ ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሶደሬ ነው። የስምጥ ሸለቆ መሬት በታች እሳት አለበት፤ ወደ ታች የሰረገው ውሃ በጋለው ድንጋይ ተሞቆ ተመልሶ ይወጣል። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት በዚህ ፍል ውሃ አጠገብ የመዝናኛ ቦታና ትልቅ ገንዳ ተሠራ። በብዙ ቤተ ሰብ ውስጥ አባት ዋና የሞከረበት የመጀመሪያው ቦታ ሶደሬ ነው፤ ጦጣ ምሳውን የቀማችውም እዚያው ነው።

በ1960 አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸነፈ። በዚያው ዓመት፣ ከኢጣልያ በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራው የቆቃ ግድብ ተመርቆ ሐይቁን ወለደ። ከዚያ ወዲህ ሩጫችን ዓለምን አስደነቀ፤ ዋናችን ግን ለኦሎምፒክ የበቃው 52 ዓመት ቆይቶ ነው። ሯጭ መንገድ ይበቃዋል፤ ደራርቱ ቱሉ ከኛ ብዙም ከማይርቀው ከበቆጂ ተነሥታ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ አግኝታለች። ዋናተኛ ግን 50 ሜትር ገንዳ፣ ዘወትር የሚጣራ ውሃና አሠልጣኝ ያስፈልገዋል፤ ይህም ሁሉ ገንዘብ ነው።

በ2012 በለንደን ያኔት ሥዩምና ሙሉዓለም ግርማ በ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ለኢትዮጵያ ዋኙ። በ2016 በሪዮ ሮቤል ኪሮስ በ100 ሜትር ተወዳድሮ በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ ገባ፤ ከ59 ዋናተኞች መጨረሻ ሆነ። በዚያ ርቀት ወርቁን የወሰደው አውስትራልያዊ ጊዜ 47.58 ሰከንድ ነበር። የውጭ ጋዜጦች በሰውነቱ ውፍረት ሳቁ። በአገሩ ስንት ገንዳ እንዳለ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። በኋላም በቶኪዮ አብደልማሊክ ሙክታርና ሊና ዓለማየሁ፣ በ2024 በፓሪስ ደግሞ ሊና እንደ ገና ዋኝተዋል።

ለኛ ግን ሜዳልያው አያስቸኩለንም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገለጸው በ2021 ብቻ 300,000 ሰው ያህል በውሃ ሰጥሞ ሞቷል፤ ከነዚህም ከ10 ከ9 የሚበልጡት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ናቸው። ድርጅቱ ለተማሪዎች ዋናና የነፍስ ማዳን ዘዴ እንዲሰጥ የሚመክረውም ስለዚህ ነው። አምና አንድ የታች ክፍል ልጅ በወንዝ ሊወሰድ ሲል በከብት ጠባቂ ዱላ ተስቦ ዳነ። የዋና ክበባችን የተቋቋመው ከዚያ በኋላ ነው።

ክበቡ ሲጀመር ከአሥር አንበልጥም ነበር። በሆቴል ገንዳ ለመግባት የሚከፈለው ገንዘብ ከበደን። ቆይቶ አንድ የተማሪ አባት ሚኒባሳቸውን በእሑድ በነዳጅ ዋጋ ብቻ ሰጡን፤ አንዲት እናት በቤታቸው መኪና የሴቶቹን የዋና ልብስ እጅጌና ጉልበት ያለው አድርገው ሰፉ። ይህም ልብስ «ልጄ ራቁቷን አትወጣም» ያሉትን ወላጆች ሁሉ አሸነፈ። ዘንድሮ ሚኒባሱ ሁለት ጊዜ ይመላለሳል።

የወንጂዋ ጓደኛችን የጀማሪዎቹ አስተማሪ ሆናለች። የመጀመሪያው ትምህርቷ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ መተንፈስ ነው። ባለፈው ወር የዚያ ከወንዝ የዳነው ልጅ እናት አብረውን ወደ ሶደሬ መጡ። ቀኑን ሙሉ የልጃቸውን ጫማ ይዘው በገንዳው ዳር ቆሙ፤ ተቀመጡ ብንላቸውም እምቢ አሉ። ልጁ የገንዳውን ወርድ አንድ ጊዜ አቋርጦ ሲወጣ «እንደ ገና ሂድና አሳየኝ» አሉት።